ዘጠነኛዋ ደቂቃ

ሰላምታን በሰዓት የሚለካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ጁባ ውስጥ በነርስነት በምሠራበት የካንሰር ክሊኒክ ገጥሞኛል። አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ከታካሚ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ያዋጣ እንደሆነ ሊያጠኑ የመጡ ደግ ሰው ናቸው።

ከነጭ አባይ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያላቸውን ታካሚዬን እትዬ አልማዝን «እንዴት ከረሙ?» ስላቸው አቶ ግርማ ሰዓት ያዙ። ስለ ሱቁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ድልድዩ መጨናነቅ አወጋን። አቶ ግርማ በየደቂቃው ይጽፋሉ፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። በዘጠነኛው ደቂቃ እትዬ አልማዝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሳምንት ሦስት ቀን ቸርች ጾም ጸሎት አለን፤ ያን ቀን ኪኒኗን አልውጣትም» አሉኝ።

ለካስ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ሐኪሙን ወራት ሙሉ ግራ ያጋባው ይኸው ኖሯል። ጾሙን ሲፈቱ፣ ማታ እንዲውጡ ተስማማን።

አቶ ግርማ ደስ አላቸው። «ሲስተር፣ ታዲያ ስምንቱን ትተሽ ከዘጠነኛዋ ደቂቃ ብትጀምሪስ?» አሉኝ።