እህል የተውኩባቸው አሥራ አንድ ቀኖች

ድሮ ሰው የሚታመመው ሲያመው ነበር። አሁን ስልኩን ሲከፍት ነው። ደህና አድራችሁ፣ ደህና ቁርስ በልታችሁ፣ እስቲ ሥራ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ልይ ብላችሁ ጣታችሁን ሸርተት ስታደርጉ፣ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ብቅ ይልና ጉበታችሁ መቆሸሹን፣ ደማችሁ መበላሸቱን፣ አሁን የበላችሁት ቁርስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል መሆኑን ያረዳችኋል። ጋዋኑን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ የለም። እኔም እኮ ቤተ ሙከራችን በር ላይ የተሰቀለ ጋዋን አለኝ፤ ለብሼው ብቆም ስንቱን ከቁርሱ እንደማቆራርጠው እንጃ።

ይህን የምለው ብልጥ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ብልጥማ ብሆን የምነግራችሁ ወግ ባልኖረኝ። ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ ቆቦ ላይ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ስመጣ ሙቀቱ ያከሳኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የራያ ማሽላ መኖሩን ማን ነገረኝ። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ቀበቶዬ ቀዳዳ አልቆበት ሌላ በሚስማር ልብሳ ስል ያ ባለ ጋዋን ደረሰልኝ። የሰጠኝ መላ የሃያ አንድ ቀን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የሁለት ሎሚ ጭማቂ በሙቅ ውሃ፤ ቀን የተቀቀለ ጎመን፤ ማታ ያው ጎመን። እህል የተባለ ነገር በአፍ አይዞርም። ለምን ቢሉ፣ እህል መርዝ ነው፣ ደምን አሲድ ያደርጋል፤ ሎሚ ደግሞ አሲዱን ያጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። እኔ በየዓመቱ ተማሪዎቼ ፊት ሎሚ ጨምቄ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት የምነክር ሰው ነኝ። ወረቀቱ ይቀላል። «አሲድ» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። «ጎበዞች» እላለሁ። ያን ሰሞንም ጎበዞች አልኩና፣ የተረፈውን ሎሚ በኪሴ ይዤ ቤቴ ገብቼ አሲድ እንዲያጠፋልኝ ጠጣሁት። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው እኔን አላየኝም።

ባለ ጋዋኑ ለዚህም መልስ አለው፤ ሎሚ ሆድ ሲገባ ጠባዩን ይለውጣል ይላል። እንዴት እንደሚለውጥ አይናገርም፤ «ሳይንስ አረጋግጦታል» ብሎ ያልፋል። ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የማሸክመው። እሱን ግን፣ ያውም ከኋላው የተደረደሩትን ጠርሙሶች ሳይ፣ ማን ያውቃል አልኩ። ቀበቶ የጠበበው ሰው ብዙ አይመራመርም።

እንግዲህ ወደ እትዬ ሙሉ ልውሰዳችሁ። እትዬ ሙሉ አከራዬ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ሄደዋል። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ እኖራለሁ፤ ስምንቱንም ዓመት እራቴን የበላሁት ከእሳቸው ገበታ ነው። ከሥራ ስመለስ «ና የኔ ጌታ፣ እህል ቅመስ» ይላሉ፤ እሄዳለሁ። በቃ፣ ሌላ ውል የለንም።

ኅዳር አንድ ቀን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ማታ «ጠግቤያለሁ» አልኳቸው። በሁለተኛው «ሆዴን ቆርጦኛል» አልኩ። በሦስተኛው ራሳቸው ሰሃን ይዘው በሬ ላይ መጡ። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ጎመን እየቀቀልኩ ነበር። ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ምነው፣ ምን አየህብኝ?»

«ኧረ ምንም እትዬ፤ ለጤናዬ ብዬ ነው።»

ለጤናዬ ብዬ ነው። የሰው እህል ትቶ፣ በር ዘግቶ የራስን ድስት መጣድ ምን እንደሚያሰኝ ታውቃላችሁ። አንድም ሰውየው ተቀይሟል፣ አንድም እህሉን ጠርጥሯል። እህሏ የተጠረጠረ ሴት ደግሞ የሚከራከርላት የለም፤ ሰው በዓይኑ ይጠቃቀስና ከደጇ ይቀራል። እኔ ይህን ረስቼ ቀበቶዬን ስቆጥር ወሬው ቦኖ ውሃው ዘንድ ደርሶ ነበር። «መምህሩ የሙሉን እህል ትቷል፤ ለጤናው ነው አሉ።» ኅዳር ሚካኤል ደግሞ እየተቃረበ ነው። እትዬ ሙሉ በየዓመቱ ሚካኤልን ይዘክራሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያቸው ገብቶ ይበላል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ማሽላው ተፈጭቷል፤ ሰው ቢቀርስ? ይህ ጭንቀት ከእኔ ክፍል አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ያድራል፤ እኔ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገባልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በዋዜማው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐጂ ሰይድ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰፈራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ቢጣላ ያለ እሳቸው አይታረቅም። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ ሐጂ። «ይህች ሴት ምን በደለችህ?»

«ማን? እትዬ ሙሉ? ኧረ ምንም አልበደሉኝም።»

«እንግዲያ እህሏን ስለምን ተውክ? እኔ በየሚካኤሉ እመጣለሁ፤ ስጋዋን አልበላም፤ ሃይማኖት ነው፣ እሷም አውቃ ዳቦና ቆሎ ታቀርብልኛለች። አንተ ሽሮዋን የተውከው በየትኛው ሃይማኖት ነው?»

ወፈርኩ ብዬ ነው ማለት አፈርኩ። ስለዚህ አስተማርኳቸው። ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስል አሲዱን፣ ደሙን፣ ሎሚውን፣ ሃያ አንዱን ቀን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። የሰውየውን ቃል ከሰውየው አሳምሬ ተናገርኩት። ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ሎሚ ኮምጣጣ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ኮምጣጣን በኮምጣጣ?»

«ሳይንስ...» አልኩና ተውኩት።

«አብሽር» አሉኝ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ማሽላ ነው የበላሁት። ደሜ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ግን ሮቢት ገበያ አድርሶ ይመልሰኛል።»

ያኔ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ያ መንገድ የተዘጋ ጊዜ የበላነውስ?» አሉኝ። «እሱስ ጎድቶህ ነበር?» ለወቀሳ አልነበረም። እውነት የራሳቸውን እህል ጠርጥረው ነው የጠየቁኝ።

ያን ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ መንገዱም ባንኩም ተዘግቶ ነበር። ደመወዝ የለም፣ ወደ አገሬ መሄጃ የለም። እትዬ ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ የቀበሩትን ማሽላ በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ የእኔ ድርሻ ሁልጊዜ በለጥ ይላል። «እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» እያሉ። በዚያ ሁሉ ወር ፊታቸው ሲጠቁር አላየሁም። በሰው አገር ወድቄ ያልቀረሁት በዚያ እህል ነው። ያን ጊዜ ኔትወርክም ስላልነበር እህል መርዝ መሆኑን የሚነግረን አልነበረም።

አፈርኩ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አብልተውኝ በወጉ አመስግኛቸው እንደማላውቅ የታወሰኝ ጉልበታቸው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ነው። ሐጂ ፈረዱ፦ «ነገ ቄሱ ባርከው እንዳበቁ፣ ሰው ሁሉ እያየ ቀድሞ የሚጎርሰው እሱ ይሁን።»

በማግስቱ ሰው መጣ፤ መጣ እንጂ እጁ ፈራ ተባ ይላል። አንዷ ጎረቤት «ሆዴ ደህና አይደለም» ስትል ሰማሁ። ቄሱ ባርከው እንደጨረሱ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩና የማሽላውን እንጀራ ከወጡ ጋር ጠቅልዬ ጎረስኩ። ከአሥራ አንድ ቀን ጎመን በኋላ ምን ምን እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እትዬ ሙሉ በእጃቸው አጎረሱኝ። «ይድገሙኝ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሰው ሳቀ፣ ሰሃን ተቀባበለ። ሆዷን ያመማት ሴትዮም ተሻላት። ሐጂ ጥግ ላይ ዳቦአቸውን እየቆረሱ «አልሃምዱሊላህ» አሉ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። በሳምንቱ «ና የኔ ጌታ፣ እህል ቅመስ» ተብዬ ስገባ ገበታው ለአንድ ሰው ቀርቧል። እትዬ ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በብርጭቆ ትኩስ ነገር ፉት ይላሉ። ሎሚ ሸተተኝ።

«እርስዎ አይበሉም?»

«እኔ ይቅርብኝ፤ ለጤናዬ ብዬ ነው። ለሐጂ ስታስረዳ ገባኝ እኮ። አንተ ለኔ ስም ብለህ ሎሚውን ተውከው እንጂ ነገሩ እውነት ነው። የቦኖዎቹም ሴቶች ጀምረዋል።»

«እትዬ፣ ውሸት ነው። እኔም ብዙ አላመንኩበትም ነበር።»

«መምህር ሆነህ ያላመንክበትን ታስተምራለህ?»

ከክፍሌ ሮጬ ሊትመስ አመጣሁና ብርጭቆአቸው ውስጥ ነከርኩት። ቀላ። «ያምራል» አሉና ፉት አሉ።

ተመልሼ ገበታው ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድ ጉርሻ ቆርሼ መልሼ አስቀመጥኩት። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይበላ ሰው እንዲህ እንደሚከብድ እስከዚያች ማታ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን የእኔን አለመብላት አሥራ አንድ ቀን ችለውታል።

«እንግዲያ ሐጂን ልጠራ ነው» አልኩ፣ ብድግ ብዬ።

ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ብርጭቆውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡና ቀረቡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ አጉርሻቸው አላውቅም ነበር።