ባዝራዋና የእንግሊዝኛው ቅጽ

እንግሊዝኛ በፈረስ ጉዳይ እንደ መሬት አስተዳደር መዝገብ ጠንቃቃ ቋንቋ ነው። ድንጉላው «ስታሊየን»፣ ባዝራዋ «ሜር»፣ የተኮላሸው ሰንጋ ፈረስ «ጌልዲንግ»፣ ውርንጭላው «ፎል» ይባላል፤ ውርንጭላውም ትንሽ ጠንከር ሲል ወንድና ሴት ተብሎ እንደገና ስም ይወጣለታል። በዚህም አይበቃውም፤ ፈረሱን ኮርቻውን ሳያወርድለት ወደ ሰው ይነዳዋል። ሥራ የማይታክተው ሰው የሥራ ፈረስ ነው፤ ማንም ሳይጠብቀው የሚያሸንፈው ተወዳዳሪ ጥቁር ፈረስ፤ የታመነ ወሬም ከራሱ ከፈረሱ አፍ የተሰማ ነው። እኛስ ብትሉኝ፣ ሙቀቱና ዝንቡ ለፈረስ በማይመቹበት በዚህ በመተማ ቆላ ፈረስ ስንቆጥር እንውላለን። «የኔ ትራክተር መቶ ሃያ ፈረስ ነው!» ይላል ሰሊጥ አምራቹ ደረቱን ነፍቶ። መቶ ሃያ ፈረስ፣ ያለ አንዲት እስር ጭድ።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። መጻሕፍቴ በቁመታቸው፣ ጠመኔዎቼ በቀለማቸው ይሰለፋሉ። ኮኪት ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ለመንግሥት ሠራተኞች የቢሮ እንግሊዝኛ ሳሠለጥን፣ አንድ የእንስሳት ጤና ጸሐፊ ቅጾቹ በእንግሊዝኛ እየሆኑ መቸገሩን ነገረኝና የፈረስ ስሞችን በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ሰጠሁት። ያማረ ሠንጠረዥ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአማርኛ ፍቺ። ቋንቋ በራሱ በቋንቋው ይለመዳል ብዬ ሆን ብዬ የተውኩት ነው። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ድፍረትም ያስተምራል።

የሰሊጥ አጨዳው እንዳበቃ፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ጎንደር ለመውጣት በአይሱዙ ጋቢና ተሳፈርኩ። ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ፣ ጋሽ ምናሉ ከባዝራቸው ጋር ቆመዋል። ጋሽ ምናሉ የአዊ ሰው ናቸው፤ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሳሉጎች በፈረስ ጋሪ ውሃ ሲያመላልሱ ከረሙ። ባዝራዋ ለመውለድ ተቃርባለች። አገሯ ገብታ በቀዝቃዛው አየር እንድትወልድ ቸኩለዋል፤ ከእርሷ ሌላ ጥሪት የላቸውም።

ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሮ ጠበቀን። የኬላው ኃላፊ የጤና ወረቀቱን ተቀበለ፣ አንዲት ቃል ላይ ቆመ፣ ስልኩን አውጥቶ ፍቺዋን ፈለገ። ከዚያ መኪናው ላይ ተንጠላጥሎ የባዝራዋን ጅራት ገለጥ አደረገ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ የተኮላሸ ወንድ ፈረስ ይላል። ይህች ሴት ናት።»

«ሴት ናታ! ምን ልትሆን ኖሯል?»

«እንግዲያው የወረቀቱ ፈረስ ሌላ ነው። ይህች የማን ናት?»

«ሌባ ነህ ነው የምትለኝ? እኔን?»

«እኔ አላልኩም። ያለው ወረቀቱ ነው። ትውረድ፤ እስኪጣራ ግቢው ውስጥ ትታሰራለች።»

ሹፌሩ ከመሪው ሳይነሣ ጮኸ። «ጋሽዬ፣ ከሴት ጋር እየተጓዙ ወንድ ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት። እኔን ምን ያቆመኛል?»

ግቢው አንዲት ዛፍ አልነበረበትም። ወርጄ ወረቀቱን ተቀበልኩና ቃሉን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ «ጌልዲንግ»። የሠንጠረዤ ሦስተኛ ረድፍ! ፍቺ ያልጻፍኩለት።

«ጸሐፊው ተሳስቶ ነው» አልኩ።

«እሱን ራሱ መጥቶ ይንገረን፣ መምህርት።»

ጸሐፊው ኮኪት ነው፤ ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ባዝራዋ ደግሞ ሰኞን የምትጠብቅ አትመስልም።

እንግዲህ እኔ ቅጽን ከርዕሱ እስከ ፊርማው የማነብ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ በዚህ ጠባዬ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ በአማርኛ ሞልቶት ነበርና፣ በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። መልክ፣ ዳማ። ግንባር፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ግራ ጆሮ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። ኃላፊው አንድ በአንድ ከባዝራዋ ጋር አመሳከረ። ሁሉም ልክ ነው።

«ምልክት ይመሳሰላል» አለ ግን።

አላቆምኩም። ማንም ዓይኑን የማይጥልበት የመጨረሻው ዓምድ ላይ ደረስኩ። «የእርግዝና ሁኔታ፣ እርጉዝ፤ ለመውለድ የተቃረበ።»



«እስቲ ይድገሙልኝ» አለ ኃላፊው።

ደገምኩለት። ከዚያም በክፍል ውስጥ ድምፄ እንዲህ አልኩ፦ «ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በዚህ ወረዳ የተኮላሸ ወንድ ፈረስ አርግዟል፤ ከሆነ እንዳይለቁት፣ ዓለም ሁሉ መጥቶ ይየው። ወይ ደግሞ አንዲት ቃል ተሳስታለች።»

ሹፌሩ በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ። ኃላፊው ሊኮሳተር ሞከረ፤ ጢሙ ከዳው። እኔ በምረቃዬ ዕለት እንኳን እንደዚያች ቅጽበት ቀና ብዬ አልቆምኩም። የሠንጠረዡን ነገር አነሣሽ ወይ? ካላችሁኝ፣ አላነሣሁም። እዚህ የምናዘዘው የኬላ ሰው ወግ ለማንበብ ጊዜ የለውም ብዬ ነው።

ኃላፊው ትክክለኛውን ቃል ጠይቆኝ አሮጌውን ሰረዘ፣ አዲሱን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ።

«ምን ብሎ ጣፈልኝ?» አሉ ጋሽ ምናሉ ከላይ።

«ሜር ብሎ።»

«ሜር...» ቃሉን በምላሳቸው መዘኑት፤ አልከበዳቸውም። «በቃ? ይችን የመሰለች ባዝራ በዚች በቁራጭ ቃል? ያኛው እኮ ግርማ ነበረው! አንች መምህርት፣ ሁለቱንም ቢጥፈው ምን ነበረበት?»

ወደ ጋቢናዬ ተመለስኩ። ገመዱ ወረደ፤ ጋሽ ምናሉም ክንዳቸውን በባዝራዋ አንገት ላይ ጥለው፣ እንደ ሹመኛ ቀና ብለው አለፉ።