የማሩ የታራሚ ቁጥር

ለሚገባው ምስጋና መንፈግ ኃጢአት ነውና፣ የአንዱን ጽሕፈት ቤታችንን ጥበብ ሳልመሰክር ብሞት ነፍሴ ትጠየቅበታለች።

ለዚህ ጽሕፈት ቤት፣ ያጠፋ ሰው ከሚታሰር ይልቅ በመንደሩ እየተደገፈ ጥፋቱን እንዲክስ የሚያደርግ በጀት ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ዕድለኛ የገሳዩ ገበሬ ማሩ ሆነ። ማሩ በድንበር ጠብ የጎረቤቱን የአቶ ገሰሰን ቀኝ እጅ በዱላ ሰብሯል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እጃቸው እስኪጠገን ማሩ ገብሳቸውን እንዲያጭድላቸው ወሰኑ። ዳኛውም ተስማማ። ሁለቱ መስቀል ተሳልመው ታረቁ።

ነገር ሁሉ እንዲህ በቀላሉ ካለቀ ጽሕፈት ቤት ለምን ያስፈልጋል? የድጋፉ ቅጽ «የታራሚ ቁጥር» የሚል ቦታ ነበረው። ማሩ ደግሞ ታስሮ አያውቅም። ኃላፊው አቶ ዳኛቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ መላ አያጡም፤ ማሩን ከእስር ለማዳን ሲሉ ቁጥር እስኪወጣለት አሳሰሩት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ገብሱ ደርሶ አንገቱን ደፋ፤ የጥቅምት ደመናም በረዶውን ይዞ ጉና ተራራ ላይ ተቀመጠ። አቶ ገሰሰ በነጠላ ያንጠለጠሉትን እጃቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ።

«ጌታው፣ የሰበረኝን ሰው መልሱልኝ።»

«አባባ፣ እኛም ለሱ ብለን ነው። ቁጥር ከሌለው አይደገፍም።»

«ቀኝ እጄ እኮ አሁን ማሩ ነው። ያሰራችሁት እጄን ነው። በምን ልጨድ?»

«ይታገሡ እንጂ። አዲስ አሠራር ነው።»

አቶ ገሰሰ ታገሡ፤ ማለትም ወጥተው ከሽማግሌዎቹ ጋር መከሩ። በማግስቱ አቶ ዳኛቸው የማኅበረሰቡን ድጋፍ አይተው ፎቶ እንዲያነሡ ወደ አቶ ገሰሰ የገብስ ማሳ በክብር ተጋበዙ። አዲስ ጫማ አድርገው መጡ። ጎልማሳው በየራሱ አዝመራ ተጠምዶ፣ ደቦ የወጡት ስድስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

በእኛ አገር ደቦ ላይ የደረሰ ሰው፣ ቄስም ይሁን መንገደኛ፣ ቆሞ አያይም። ነውር ነው። የእብናት ገበሬ ልጅ የሆኑት አቶ ዳኛቸው ይህን አይስቱትም። አቶ ገሰሰ በግራ እጃቸው ማጭድ ዘረጉላቸው።

«የማሩ ነው» አሉ። «ቦታው ባዶ ከሚቀር።»

አቶ ዳኛቸው እስከ ቀትር አጨዱ። መዳፋቸው ውኃ ቋጠረ፤ ገብሱ ግን ሩቡም አልተነካ። ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቋቸውና፣ ማሩ ቁጥሩ እስኪወጣለት በየጧቱ እንዳይቀሩ ለመኗቸው።

ማሩ ቁጥር ሳይወጣለት፣ የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈታ። ገብሱም ከበረዶው በፊት ተከመረ።

ሪፖርቱን ያየ ሰው እንደ ነገረኝ፣ ቅጹም ባዶ አልቀረም። የታራሚ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ አቶ ዳኛቸው የራሳቸውን የሥራ መታወቂያ ቁጥር ሞልተውበታል። በጀቱም ያለ አንዳች ጥያቄ ተለቀቀ።