ስምንተኛዋ ምት

ሙዚቃን ማዋሃድ ለሙዚቀኞች ብቻ የሚተው ተራ ጉዳይ አለመሆኑን ቀድሞ የተገነዘበው የከተማችን የባህል ጽሕፈት ቤት፣ ከሮዶፔ ተራሮች ግርጌ ለምንኖር ሁሉ ኩራት ነው። እኔም በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁና ውለታውን መመስከር ይገባኛል።

ጋይዳ የሚባለውን የፍየል ቆዳ የትንፋሽ መሣሪያቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው የሚነፉት ሽማግሌ ባይ ስታሜንና ሳክስፎን የምትጫወተው የከብት ሐኪም ኔቬና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሠርጉ አብረው ተጫውተዋል። እሷ ጃዙን ታመጣለች፤ እሳቸው የአገራችንን የጭፈራ ዜማ፣ ራቼኒትሳውን። ሕዝቡ ይጨፍራል፣ ሙሽሮች ይዳራሉ፣ ፈቃድ የጠየቀ የለም። ይህ የሥርዓት አልበኝነት ዘመን ያበቃው፣ አንዲት የውጭ አገር ባለሙያ በበዓላችን ላይ ውህደቱን ልትሰማ እንደምትመጣ ደብዳቤ የደረሰን ዕለት ነው።

ኃላፊያችን አቶ ቫልቻኖቭ ሁለቱን አስጠርተው ልምምዳቸውን አዳመጡ። በእርሳስ ጠረጴዛውን እየመቱ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምቶቹ ሰባት ናቸው» አሉ።

«አዎ፣ ሰባት ናቸው» አሉ ባይ ስታሜን።

«ስምንተኛዋስ የት ሄደች?»

«የት ትሄዳለች? ድሮም አልነበረች።»

«ጃዝ በአራት በአራት የሚሄድ የሠለጠነ ሙዚቃ ነው። እንግዳዋ ቆጥራ አንድ ቢጎድልባት በልተውታል አትልም?»

ኔቬና ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አቶ ቫልቻኖቭ፣ እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። ጤነኛ በግ አምስተኛ እግር ጎደለው ብዬ አልቀጥልለትም።»

«በግ የውጭ እንግዳ አይቀበልም። ስምንት ካልሞላ መድረክ የለም።»

ባይ ስታሜን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በዚያ መድረክ ሳይጫወቱ የቀሩበት ዓመት የለም። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«ስምንት ከመታን ሰዉ ሲጨፍር ይወድቃል እኮ ልጄ» አሏት ደጅ ላይ።

«ይውደቅ፣ እኔ አለሁ።»

«አንቺ የከብት ሐኪም ነሽ።»

«ይህን መመሪያ ተቀብሎ ለሚጨፍር እኔ እበቃዋለሁ።»

መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በውብ ጽሕፈት። «ማንኛውም ራቼኒትሳ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ስምንት ምት እንዲኖረው ተወስኗል።» አቶ ቫልቻኖቭ ፈረሙበት።

በበዓሉ ቀን እንግዳዋ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አቶ ቫልቻኖቭ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ ጭፈራውን ራሳቸው መሩ። ሙዚቃው ተጀመረ። ስምንተኛዋ ምት ላይ ከተማው በሙሉ እግሩን አንስቶ የሚያሳርፍበት አጣ። ዳቦ ጋጋሪው ቄሱ ላይ ወደቀ፤ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አንድ ጫማዋን አጣች። ሥርዓት እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

አቶ ቫልቻኖቭ ግን አልወደቁም። አፋቸው «ሰባት፣ ስምንት» እያለ ሲቆጥር፣ እግራቸው በሰባት ይረግጣል። እግራቸውን ያስተማሩት እናታቸው ናቸው፤ መመሪያው ደግሞ ገና እዚያ ታች አልደረሰም። ባይ ስታሜን ይህን አዩ። ጋይዳውን ጠበቅ አድርገው ስምንተኛዋን ጣሏትና የአቶ ቫልቻኖቭን እግር ተከተሉ። ኔቬና ሳክስፎኗን ይዛ ከኋላቸው በረረች። የወደቀው ተነሣ፤ አደባባዩ አንድ ላይ ዘለለ። እንግዳዋም ወንበሯን ትታ ገባች።

«ያቺ የጎደለችው ምት ልቤን ሰረቀችው» አለች በኋላ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ይህ የማን ሐሳብ ነው?»

«የጽሕፈት ቤታችን» አሉ አቶ ቫልቻኖቭ ላባቸውን እየጠረጉ። «ረጅም ጥናት ተደርጎበታል።»

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ባህላችን ውስጥ ስምንተኛ ምት ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ እንዲጣራ ታዘዘ። መመሪያውን አወጣሁ።

«ፊርማው የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

«ፊርማውን ተወው። ጽሕፈቱ የማን ነው?»

አጣሪ ኮሚቴው ተቋቁሟል። ሰብሳቢው አቶ ቫልቻኖቭ ናቸው፤ ተጠርጣሪው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ውብ ስለሆነ ቃለ ጉባኤውንም የምይዘው እኔው ነኝ።