የተገመገመው ብሬከር

ይህን የማወራችሁ ከልብ ይቅርታ ጠይቄ ነው። የኮሚቴ ምስጢር ማውጣት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ምስጢሩ በጭስ መልክ ከወጣ በኋላ እኔ አፌን ብይዝ ምን ይረባል?

በዚያ ዘመን፣ እንደምታስታውሱት፣ አንድም ነገር በራሱ አይበላሽም ነበር። ውሃ ቢጠፋ፣ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ቢዘገይ፣ "ከጀርባው ማን አለ?" ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ግምገማ። እኛ የአቃቂ ሰዎች እርስ በርስ ተገማግመን ስንጨርስ ወደ ዕቃ ተሻገርን።

የሰፈራችን ተማሪዎች ለውድድር ሣጥን የሚገፋ ሮቦት ሠሩ። ኤሌክትሪኩን የዘረጋችው ሰሚራ ናት፤ የሳሪስ አቦ ባለሱቅ ልጅ፣ ለውድድሩ ቀን ስትል እንቅልፍ ያጣች። ሮቦቱ ባዶውን ሲሄድ ሸጋ ነው፤ ሣጥን ሲገፋ ግን ኃይል ሲበዛበት መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ቀጭ ብሎ ይወርድና ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል። የወላጅ ኮሚቴው ተጠራ። እኔም አባል ነኝ፤ ኤሌክትሪክ ባላውቅም በመጠርጠር አልታማም።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ታደሰ ብሬከሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አፈጠጡበት።

"ሥራ ሲመጣ የሚወርድ! ከጀርባው ማን አለ?"

"ቀጭን ሽቦ ነው ያለው ጋሼ" አለች ሰሚራ። "ብሬከሩ ባይወርድ ሽቦው ይነድዳል። ትልቅ ብሬከር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ወፍራም ሽቦ እንዘርጋ።"

"ሽቦው ቅሬታ አቅርቧል?"

"ሽቦ እንዴት ይናገራል?"

"ታዲያ አንቺን ማን ወከለሽ?"

"ይቃጠላል እያልኳችሁ ነው!" ብላ ጮኸች። በጨለምተኛነት ተገምግማ ከቡድኑ ተነሣች። ብሬከሩም ተነሣ። በቦታው ከወፍጮ ቤት የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ታማኝነቱ ከፊቱ የሚነበብ ትልቅ ብሬከር ተተካ። ሽቦው ያው ቀጭኑ ነው፤ በእሱ ላይ ምንም ጥቆማ አልቀረበም።

የውድድሩ ቀን ሮቦቱ ሣጥኑን ገፋ። አጨበጨብን። ጨሰ። የድል ምልክት መስሎን ይበልጥ አጨበጨብን። ከዚያ ነደደ። ብሬከሩ ግን እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላለም!

በማግስቱ ሰሚራ ተጠራች።

"ለምን ጠንከር አድርገሽ አልተናገርሽም?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ጠንከር አድርጌ ስናገር ነው እኮ ያባረራችሁኝ።"

ጋሽ ታደሰ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሰሚራ አልተመለሰችም፤ የምትመለስበት ሮቦትም የለ። ብሬከሩ ግን ስለ ጽናቱ ተመስግኖ ወደ ስብሰባ አዳራሻችን ተዛወረ፤ እነሆ መብራቱን ይጠብቃል። ልጅቷ ይህን ውሳኔ ሰምታ ስትወጣ በጣሪያው ላይ የተጋደመውን አሮጌ ቀጭን ሽቦ ቀና ብላ አየችና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ በር አጠገብ ይቀመጡ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። አደራችሁን፣ ይህን ለማንም አታውሩ። በሩ ጠባብ ነው።