ባለ ስምንት ክሩ ጊታርና ጋሼ ሊቁ

በየጥገና ሱቁ ሳይቀጠር የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ደመወዝ የለውም፣ የጥገና ሙያ የለውም፣ ወንበር ግን አለው። ደንበኛ የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ ሲገባ፣ ገና አፉን ሳይከፍት የዕቃውን ሕመም የሚናገረው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ የደረሱት ጋሼ ሊቁ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሱሪ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው የስፌት መኪናቸውን ለእህታቸው ልጅ ሰጡና ሥራ ፈቱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል ከች ይላሉ፤ በሩ ሥር ባለችው ወንበር ላይም ይሰየማሉ። "ሊቁ" ያላቸው ጠጋኙ ነው፣ ለሹፈት። እሳቸው ግን ሹመቱን በጸጋ ተቀብለውታል።

"ይሄማ ምን ያጠያይቃል!" ይላሉ፣ የሚያጠያይቅ ነገር በመጣ ቁጥር። የአንዲትን ወይዘሮ ቴሌቪዥን "ዜና በዝቶበት ነው" ብለው የሦስት ቀን ዕረፍት አዘውለታል። የዳቦ ቤቱን ሚዛን "እሷ ልክ ናት፣ የተሳሳተው ዳቦው ነው" ብለው በነፃ አሰናብተዋታል። ጠጋኙ ራሱ ፈታትቶ ያስቀመጠውን የማራገቢያ ሞተር ደግሞ የአውሮፕላን ነው እያሉ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሲያስጎበኙ ውለዋል። ጠጋኙ ወንበሯን ደብቆ ለመገላገል ያሰበበት ቀን አንድና ሁለት አይደለም።

አንድ ማክሰኞ፣ አንዲት ነርስ ረጅም ሳጥን ታቅፋ ገባች።

"አባቴ ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣል" አለች። "ይሄን ቁም ሳጥን ላይ አገኘሁት። እኔ ሳልወለድ ነው አሉ መጫወት የተወው። ከታመመ ወዲህ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ጊታርህን አገኘሁት ስለው ግን እጄን ይዞ አለቀሰ።" ክሮቹን ስትጫን የቆሰለች ጣቷን ለጠጋኙ አሳየችው። "ክሮቹ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ናቸው። እሱ ደግሞ ጣቱ ደክሟል። ዝቅ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።"

ጠጋኙ ሳጥኑን ከፈተ። ዕቃው ጊታር ነው፤ ደግሞም አይደለም። ገላው ጠባብና ድፍን እንጨት ነው፣ መሐሉ ላይ ድምፅ የሚይዝ ማግኔት፣ ጎኑ ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ አለው። ክሮቹ ስምንት ናቸው። አንገቱ እንደ ጣውላ አራት ማዕዘን ስለሆነ በመዳፍ አይጨበጥም፤ የጣት መስመሮቹም በብረት ፈንታ በቀለም የተሰመሩ ናቸው። የሠሪው ስም ከነበረበት ቦታ የቀረው ሁለት የብሎን ቀዳዳ ነው። ሳጥኑ ጥግ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጣት የሚያህል ከባድና ልሙጥ ብረት ተቀምጧል።

"ይሄማ ምን ያጠያይቃል!" አሉ ጋሼ ሊቁ። "የግራኝ ጊታር ነው።" ነርሷ ከሄደች በኋላ ጊታሩ የሕፃናት ማስተማሪያ ሆነ። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ የጊታሮች ሁሉ አያት ለመሆን በቃ። ብረቱን ደግሞ የሌባ መከላከያ ነው ብለው ደመደሙ።

ጠጋኙ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው እያፈሰሰ ሞረዱን አነሳ። ክሮቹ የሚያርፉበትን ከፍ ያለ ብረት ግማሽ ድረስ መሞረድ ነበር የቀረው። የተሞረደ ነገር አይመለስም፤ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ደግሞ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ከመሞረዱ በፊት ከሥሩ ጨርቅ ሊያነጥፍለት ጊታሩን ገለበጠው።

"ተው! እንዳትነካው!" አሉ ጋሼ ሊቁ።

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረው አያውቁም። ተነሥተው መጡና የጊታሩን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ቫርኒሹ በሁለት ቦታ ተልጦ እንጨቱ ነጥቷል።

"ይሄን ሱሪ ነው የበላው" አሉ ቀስ ብለው። "ደረት ላይ የሚያዝ ቢሆን የሸሚዝ ቁልፍ መሐሉን ይቧጭረው ነበር። ይሄ ግን እዚህና እዚህ ነው የተበላው። ሁለት ጭን ነው፣ ልጄ። ጭን ላይ ተጋድሞ የኖረ ዕቃ ነው። እኔ የሰው ጭን ስለካ አይደል ያረጀሁት?"

ጠጋኙ ተቀመጠ። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘው፤ ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ልሙጥ ብረትም አንሥቶ ክሮቹ ላይ አንሸራተተው። ድምፁ እንደሚያንጎራጉር ሰው እየተሳበ ወጣ። ክሮቹ ከፍ ያሉት ብረቱ አንገቱን ሳይነካ እንዲንሸራተት ታስቦ ነበር። የሚጫን ጣትም አያስፈልገውም። ጠጋኙ ሞረዱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት፤ ሊሞርደው አንድ ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጋሼ ሊቁ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ "ምን ያጠያይቃል" ሳይሉ።

ጊታሩ ጭን ላይ ተጋድሞ እንደሚጫወቱት ተነግሯት የወሰደችው ነርስ ቅዳሜ ከሰዓት ደወለች። ጠጋኙ ሁለቱም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ከወዲያ በኩል ጊታሩ ይሰማል፤ ይጀምራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል።

"ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ብረቱን በእጁ ምልክት ጠየቀኝ" አለች ነርሷ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። "ትንሽ ተጫወተና ደግሞ 'አንዱ ክር ላልቷል' አለኝ። ከታመመ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉ ነው!"

"ይሄማ ምን ያጠያይቃል!" አሉ ጋሼ ሊቁ ስልኩን ነጥቀው። "ክሩን ያላላው እርጥበት ነው!"

ክሩን ያላላው ጠጋኙ ነበር፤ ሊሞርድ ሲዘጋጅ አላልቶት መልሶ ማጥበቁን ረስቶታል። ጋሼ ሊቁ እንዲያረጋግጥላቸው ቀና ብለው አዩት።

"ልክ ነዎት፣ ጋሼ" አለ። "እርጥበት ነው።"