የሽኩር ግድግዳ

እጄ ለስላሳ ነው። ይህን የምነግርህ ለጉራ አይደለም፣ ለኑዛዜ ነው እንጂ። አራት ኪሎ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከፋይል የከበደ ነገር አንስቼ አላውቅም። ታዲያ እንዲህ ላለው ሰው ዶማ የሚያስጨብጠው ማን ነው ትል ይሆናል። ልንገርህ።

ባለፈው ክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት ከባለቤቶቹ ጋር ሆነው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች መጡና መሥሪያ ቤታችንን እጃችሁን ስጡን አሉ። እኛም እጃችንን ሰጠን። ቅዳሜ ጠዋት በሸሚዛችን ላይ አረንጓዴ ካናቴራ ደርበን ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። ሃምሳ ብንሆን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛ ጌጡን ወሰድን። ሸክሙ ለሌላ ሰው ተረፈ።

ቤቱ የእትዬ ጥሩወርቅ ነበር። ሰባን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሰው ልብስ እያጠቡ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የጭቃ ቤታቸው ወደ መንገዱ ከመዝመሙ የተነሳ አላፊ አግዳሚውን እጅ የሚነሳ ይመስላል። ደንቡ ባለቤቱም አብሮ ይሥራ ስለሚል እሳቸው ነጠላቸውን አገልድመው አሸዋ ይነፋሉ። ልጃቸው ፀሐይ ከጽዳት ሥራዋ ስትመለስ ውሃ ትቀዳለች። እኛስ? እኛ ባሬላ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። አንዱ ባልደረባዬማ አንዲቷን ብሎኬት አቅፎ በአራቱም አቅጣጫ ሲነሳ ዘመዱ መሰለችኝ።

ሽኩር የእትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤት ነው። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ሙያው ግንበኝነት። ከሚስቱ ከዘይነባና ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል። ክፍሏ ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ጣጣው የመጣው በዚህች ግድግዳ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አስተባባሪው ፕላኑን ዘርግቶ የጋራው ግድግዳ መፍረስ አለበት አለን። አዲሱ ቤት የራሱ ግድግዳ ይኖረዋል፤ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። የሽኩር ክፍልስ? አንድ ጎኗ ሜዳ ይሆናል። ሽኩር ፕላኑን አየ። ቀጥሎ ሰዎቹን አየ። ከሰዎቹ መካከል መነጽር ያደረግኩት እኔ ነበርኩና እኔን መረጠ።

"ጋሼ፣ የእኔን መቼ ትመልሱልኛላችሁ?"

"በሚመጣው ቅዳሜ!" አልኩት።

ማን ጠየቀኝ? ማን ሾመኝ? አፌ ነው። አስተባባሪው እንኳ ዞር ብሎ አየኝ። ሽኩር ግን መነጽሩን አመነ። "እንግዲያው የእትዬ ይቅደም፣ እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው" አለና ዶማውን ራሱ አቀበለኝ። እኔም ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩትን ጉልበት በዚያ ጭቃ ላይ ተወጣሁት። ማፍረስ እንዴት ደስ ይላል መሰለህ! ሙያ አይጠይቅማ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። ውሸት ነው። እኛ ባለቤቱን እያመሰገንን ነቀነቅነው። ያን ዕለት መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ቁስሌን ለሁሉም አሳየሁ፤ የፋይል ቁም ሳጥኑ ብቻ ነው ያላየው።

ሽኩር በባዶው ጎን አጠና አቆመ፣ ላስቲክ ወጠረ፣ ከዚያ የእትዬ ጥሩወርቅን ቤት ሊሠራ መጣ። እኛ የደረደርነውን ብሎኬት፣ እኛ ዞር ስንል አፍርሶ እንደገና ይደረድረዋል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በየሳምንቱ ስንመለስ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይጠብቀናል፤ "ተክነናል እኮ!" እንባባላለን።

የተባለው ቅዳሜ መጣ። መቃን ስንተክል ዋልን። በሌላው ቅዳሜ ቆርቆሮ ተመታ። ሽኩር አንድም ቀን አላስታወሰኝም። የጨዋ ሰው ዝምታ ከስድብ ይከፋል። ለሚሰማ ነው ታዲያ፤ እኔ በዚያን ጊዜ አልሰማም ነበር።

የምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ። እትዬ ጥሩወርቅ ከእሳቸው የሚተልቅ የካርቶን ቁልፍ ተረከቡ። ነፋስ ነበር። አስተባባሪው "ማንም ወገናችን ያለ መጠለያ አይቀርም" እያለ ሲናገር የሽኩር ላስቲክ ጧ! ጧ! እያለ ንግግሩን ይቆርጥበታል። ቆም አለና "ያንን ነገር የሚይዝልን ሰው የለም?" አለ። ሰው ጠፋ። ሽኩር ራሱ ሄደና ሁለት እጁን ዘርግቶ ላስቲኩን ያዘ። ንግግሩ እስኪያልቅ እንደዚያው እንደተዘረጋ ቆመ። እኛ አጨበጨብን። እሱ እጁ ተይዟልና አላጨበጨበም።

ከዚያስ? ከዚያማ ቅዳሜ ሞልቷል። አንዱን ለቅሶ ወሰደብኝ፣ አንዱን ሰርግ፣ የቀረውን ዝናብ። እኔ ዝናቡን ፈርቼ ቤቴ ስቀመጥ፣ ዝናቡ ሽኩር ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ስወጣ እንኳ በራስ መኮንን ድልድይ ማለፉን ትቼ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ መዞር ጀመርኩ። አገሩን የሚያውቅ ይሳቅብኝ። ኅሊና ሲያባርርህ አቋራጭ የለም።

አንድ ማክሰኞ ቀና ስል የመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ቆመዋል። ነጠላቸው ርሷል።

"እትዬ! ምን ልታዘዝ?"

"ቤቱ ይፍረስልኝ፣ ልጄ።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"የሠራችሁልኝ ቤት ደህና ነው፤ አያፈስም" አሉ። "እኔ ደረቅ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ዘይነባ ስታስል እሰማለሁ። ኑ ግቡ ብላቸው ልጆቹን ሰደዱልኝ እንጂ እነሱ እምቢ አሉ፤ እናስቸግርዎታለን ይሉኛል። ይህን እየሰማሁ ከምተኛ ያንን ዘመም ያለ ቤቴን መልሱልኝ። እሱ ቢወድቅ እኔው ላይ ነበር የሚወድቀው።"

በዚያው ዕለት አስተባባሪው ዘንድ ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበለኝ። ሥራው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል አለ። ሽኩር ባለሙያ ነው፣ ጉልበት አለው፣ አቅመ ደካማ ተብሎ አልተመዘገበም አለ። ግድግዳውን ያፈረስነው እኛ ነን እኮ አልኩት። ሪፖርቱን አውጥቶ ገለጠልኝ። እውነትም "ተገነባ" ይላል እንጂ "ፈረሰ" የሚል ቃል የለበትም። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተደረገ እንደሚቆጠር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እንጀራዬ እኮ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ጓንት ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ሽኩር ከየትም የለቀመውን ድንጋይ በጭቃ እየገነባ ነው። ዘይነባ እያሳለች ጭቃ ታቀብለዋለች። እትዬ ጥሩወርቅ አፈር ይነፋሉ። ካናቴራ የለበሰ ሰው የለም፤ ፎቶ የሚያነሳም የለም።

ይቅርታ ጠየቅኩ። አፌ የሠራውን ሥራ፣ አስተባባሪው ያለኝን፣ በሃብተ ጊዮርጊስ የዞርኩትን ሳይቀር ተናዘዝኩ። ሽኩር የያዘውን ድንጋይ ሳይለቅ ሰማኝ።

"ያልፋል፣ ጋሼ" አለኝ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጓንቴን አጠለቅኩና አንድ ድንጋይ አንስቼ ግድግዳው ላይ አስቀመጥኩ። ሽኩር ቱንቢውን ጣል አድርጎ ለካው። ገመዱ ወዲያ፣ ድንጋዬ ወዲህ። አነሳና አስተካክሎ መለሰው። ሁለተኛ አስቀመጥኩ። እሱንም አነሳው። ዘይነባ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ሦስተኛውን ላነሳ ጎንበስ ስል ጭቃ የነካ እጁን ክንዴ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈ።

"ጋሼ፣ ወላሂ ልብዎን አይቼዋለሁ" አለ። "በጎ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ይቀመጡልኝ።"

እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማ አመጡልኝ። ተቀመጥኩ። እኔ ተቀምጬ ግድግዳው ተነሳ፤ አመሻሹ ላይ ወገብ ደረሰ። በዚያ ክረምት ለሽኩር ቤት ካደረግኩለት ሁሉ የጠቀመው እሱ ብቻ ነው፦ መቀመጤ።